ኳስ፣ ትራስ ወይስ ያው የድሮው ወንበር? ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ የክፍል መቀመጫ ሲመረጥ

በነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንዲት የሰፈራችን እናት ከሱቅ ውስጥ ሆና ደወለችልኝ። ልጇ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ነው፤ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መያዝና አርፎ መቀመጥን የሚያስቸግር ሁኔታ) እንዳለበት ሐኪም ከነገራት ጥቂት ወራት ሆኗታል። «አንድ ትልቅ ሰማያዊ ኳስ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ በአየር የሚነፋ ትራስ አለ። የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ። «ሁለቱንም መልሺና ቤት ግቢ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ይነካ እንደሆነ አይተሽ ደውይልኝ» አልኳት። ቅር ብሏት ስልኩን ዘጋች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። አይነካም፤ አራት ጣት ያህል ይቀረዋል።

ጥያቄው ስለበዛብኝ መልሱን በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ዓመት ሦስተኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነኝ። በዚያኛው ክፍል ስልሳ ልጅ ሦስት ሦስት እየሆነ ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚህኛው ሃያ ሁለት ልጅ በኳስ፣ በሚወዛወዝ በርጩማ፣ በምንጣፍና በቁመት በሚሠራበት ጠረጴዛ መካከል እየመረጠ ይቀመጣል። አርፎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ግን እዚያም ነበር፣ እዚህም አለ።

አዲስ አበባ ሳስተምር የክፍሉ አለቃ የረባሾችን ስም ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፎ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ስም የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ሙሉ ከአንደኛ ተራ ወርዶ አያውቅም። ልጁ ማንንም አይመታም፣ አይሳደብም፤ ጥፋቱ ዴስኩን ማንቀጥቀጡ ብቻ ነበር። እርሱ እግሩን ሲወዘውዝ አጠገቡ ያሉት የሁለቱ ልጆች ጽሕፈት ይጣመማል። እኔም እንደ ሌላው መምህር «አርፈህ ተቀመጥ!» እለዋለሁ። ሲያርፍ ደግሞ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ይቀርና ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጸጥታውን አገኘሁ እንጂ ልጁን አላገኘሁትም።

ያኔ ያልገባኝን ነገር የሚያስረዳ ጥናት በ2015 ወጥቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የማርክ ራፖርት ቡድን ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 52 ወንዶች ልጆችን ወስዶ፣ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ያዩትን የተዘበራረቀ ቁጥርና ፊደል በአእምሯቸው ይዘው በቅደም ተከተል መልሰው የሚናገሩበት ሥራ እየሰጠ እንቅስቃሴያቸውን ተከታተለ። 29ኙ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ልጆች ብዙ በተንቀሳቀሱ ቁጥር የተሻለ ሠሩ፤ ችግሩ የሌለባቸው ልጆች ግን ብዙ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ሥራቸው ተበላሸ። ሁለተኛውን ግማሽ አይርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መቀመጫ መድኃኒት አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን አይተካም፣ ቤት ውስጥ የሚደረገውን የጠባይ እርዳታም አይተካም። መቀመጫ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ልጁ መንቀሳቀሱ ካልቀረ፣ ጎረቤቱን በማያውክና ራሱን ከደብተሩ በማያርቅ መንገድ እንዲንቀሳቀስ ቦታ መስጠት ነው።

መጀመሪያ እግርና ቦታ

ከሁሉም አማራጮች የበለጠ የማምንበት ምንም የማያስወጣው ነው፤ ልኩ የሆነ ተራ ወንበር፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ።

ልኩን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። ልጁን ጫማውን እንዳደረገ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉት። ሙሉ የእግሩ መዳፍ መሬት መንካት አለበት። ክርኑን ሲያጥፍ ጠረጴዛው ከክርኑ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። እግሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ኤዲኤችዲ ባይኖርበትም ይቁነጠነጣል፤ ጭኑን ወንበሩ ጠርዝ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ይንበረከካል፣ አንድ እግሩ ላይ ይቀመጣል፣ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያችን እናት ኳሱን መልሺ ያልኳት ለዚህ ነው። ጠንካራ የጫማ ካርቶን ውስጥ የድሮ መጽሔት ጠቅጥቃ በሰፊ ፕላስተር ጠቀለለችው፤ የእግር ማሳረፊያ ሆነ። የ500 ቅጠል የማተሚያ ወረቀት ጥቅልም አምስት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ስላለው ለዚሁ ሥራ ይሆናል።

ቦታን በሚመለከት ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር «ፊት ለፊት አስቀምጡት» የሚል ነው። እኔ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ መካከል የተቀመጠ ልጅ ከኋላው ኮሽ ባለ ቁጥር ዞሮ ያያል፤ ሲዞርም ክፍሉን በሙሉ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ሁለተኛው ረድፍ፣ ጎን ላይ፣ መምህሩ ሲዘዋወር በሚያልፍበት መተላለፊያ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከበር፣ ከመስኮት፣ ከእርሳስ መቅረጫና ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይራቅ። መምህሩ ሳይጠራው ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ አድርጎ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ከማንኛውም የሚገዛ ዕቃ ይበልጣል።

ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ይህ ነገር ሕይወት ነው። ሦስት ልጆች ሲቀመጡ መካከል ያለው ተጣብቋል፤ ለመነሣት አንዱን ማስነሣት አለበት። ያን ልጅ ከመካከል አንሥቼ ጫፍ ላይ ያስቀመጥኩት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነበር፤ በዚያውም ደብተር ሰብሳቢ አደረግሁት። በየክፍለ ጊዜው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ክፍሉን ይዞራል፤ ሲመለስ አሥር ደቂቃ ያህል ይረጋል። ስሙ ከዝርዝሩ አልጠፋም፤ ግን ወደ አራተኛና አምስተኛ ወረደ። ለዚህ ለውጥ አንድ ብር አልወጣም።

ላስቲክና ትራስ

እግሩ ልክ ሆኖ፣ ቦታው ተስተካክሎ አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ የትኛው የአካሉ ክፍል እንደሚንቀሳቀስ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ምርጫው ያለው እዚያ ላይ ነው።

እግሩን የሚወዘውዝ፣ የፊቱን ወንበር የሚረግጥ ልጅ ከሆነ ላስቲክ ይበቃዋል። በወንበሩ ሁለት የፊት እግሮች መካከል ሰፊና ጠንካራ ላስቲክ ይወጠራል፤ ልጁ በእግሩ እየገፋ፣ እየረገጠ፣ እየጎተተ ይማራል። ድምፅ የለውም፣ ቦታ አይወስድም፣ ሌላው ልጅ አያየውም። በሱቅ የሚሸጠው ዋጋው ቀላል ነው፤ ባይገዛም ያረጀ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ሊታሰር ይችላል። ኮምባይንድ ዴስክም እግሮች ስላሉት ይታሰርበታል፤ ጫፍ ላይ ለሚቀመጠው ልጅ ብቻ ግን፣ አለበለዚያ ሦስቱም ይረግጡታል። ጉድለቱ ሁለት ነው። እግራቸው ከታች እንደ በረዶ መንሸራተቻ ለተያያዘ ወንበሮች አይሆንም፤ እና ቀጭን ከሆነ ልጁ በጣቱ እንደ ክራር ይመታዋል። ሰፊ ይሁን።

ወገቡ የማያርፍ፣ ወንበሩን በሁለት እግሩ የሚያቆም፣ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ልጅ ከሆነ ደግሞ ትራሱ ይቀርበዋል። ክብ ነው፤ ስፋቱ 33 ሴንቲሜትር ያህል፤ አንድ ገጹ ለስላሳ፣ ሌላው ጉጥ ጉጥ ያለበት። ተራ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ የጀርባ መደገፊያው አይቀርም፤ ይህ ከኳስና ከበርጩማ የሚበልጥበት ትልቁ ነጥብ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አየሩን ሞልቶ በመንፋት ነው። ሞልቶ ከተነፋ ልጁ እንደ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል ወይም ይንሸራተታል። ሲቀመጥበት ግማሹ እስኪሰምጥ ድረስ ይተንፍስ። ሌላው የሚረሳው ነገር ትራሱ ልጁን ከፍ ስለሚያደርገው እግሩ እንደገና ከመሬት መነሣቱ ነው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላ እጅ መንሣት ይሆናል፤ የእግር ማሳረፊያ አብሮት ይምጣ። ትንሽ የሚታወቅ ዘዴም አለ። ትራሱን ከመቀመጫ አውርዶ ከእግሩ ሥር ማድረግ፤ ለአንዳንድ ልጅ ከላይ ካለው ይልቅ የታችኛው ይሠራል።

ስለ ትራሱ በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ትኩረት የሚቸግራቸው 63 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ትራሱን ተጠቀሙ፤ መምህራኑ በሞሉት መጠይቅ የእነዚያ ልጆች ትኩረት ተሻሽሎ ተገኘ። ደስ ይላል። ነገር ግን መምህር ማን ትራስ ላይ እንደተቀመጠ እያየ ነው መጠይቁን የሚሞላው፤ እኔም ብሆን አዲስ ዕቃ የሰጠሁትን ልጅ በበጎ ዓይን ማየቴ አይቀርም። ስለዚህ «ተስፋ ሰጪ» ከማለት አላልፍም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሴ ክፍል። ትራሱ የአየር መዝጊያ ቡሽ አለው። አንድ ቀን ጸጥ ብሎ በሚነበብበት ሰዓት አንዱ ልጅ ቡሹን በእርሳስ ጫፍ ነቀለና ቀስ ብሎ ተቀመጠበት። የወጣውን ድምፅ መግለጽ አያስፈልገኝም። የቀረው ክፍለ ጊዜ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቡሹ ያለበትን ጎን በፕላስተር አሽገዋለሁ።

ኳስ ወይስ የሚወዛወዝ በርጩማ

ኳሱን ሁሉም ሰው ይወድደዋል፤ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። በ1963 አኩዊሊኖ ኮሳኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሠራው ዕቃ ነው፤ በኋላ የስዊዘርላንድ የአካል ሕክምና ባለሙያዎች ለሕሙማን ማለማመጃ ስለተጠቀሙበት የስዊዝ ኳስ ተባለ። ለወንበርነት የታሰበ አልነበረም፤ ክፍል ውስጥም ይህንን አይረሳም።

የኳስ ደጋፊዎች የሚጠቅሱት የ2003 ጥናት ነው። በአንድ የአራተኛ ክፍል ውስጥ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሦስት ተማሪዎች ለሳምንታት ወንበርና ኳስ እያፈራረቁ ተቀመጡ። ኳስ ላይ በነበሩበት ጊዜ ከመቀመጫቸው የሚነሡት ቀነሰ፤ የሚነበብ ጽሑፍም የበለጠ ጻፉ። የጥናቱ አሠራር ጥሩ ነው፤ ራሴም የምቀዳው ዘዴ አለው። ግን ሦስት ልጆች ናቸው። በሦስት ልጅ ኳስ ለሠላሳ ልጅ አይገዛም።

እኛ ክፍል አራት ኳስ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደንቡን አስተማርን። መቀመጫ ኳሱ ላይ፣ እግር መሬት ላይ፣ ኳሱ ቦታው ላይ። እስከ ምሳ ጥሩ ነበር። ከምሳ በኋላ አንዱ እየዘለለ በጀርባው ወደቀ፤ ደግነቱ ምንጣፍ ላይ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ሊጠይቀኝ ብድግ ሲል ኳሱ ተንከባልሎ ከሁለት ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እርሱን ለማምጣት አራት ልጆች ተነሡ። በሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ኳስ በእርሳስ ተወግቶ እንደ ደረቀ ቅል ተኮማትሮ ጥግ ወደቀ። የቀሩትን ሦስቱን ከሥራቸው የማይንከባለሉበት ቀለበት አደረግንላቸው፤ ያ ትንሽ ረድቷል።

የሚወዛወዘው በርጩማ ከሥሩ ሞላላ ነው፤ ልጁ ያዘነብላል፣ ይዞራል፣ ግን ዕቃው አብሮት አይሄድም። አይፈነዳም፤ ብዙዎቹ ከፍታቸው ይስተካከላል፤ ጉልበቱን በቀላሉ ልክ ያገኙለታል። ኳስ ግን ልኩ እንደ አየሩ ነው። ጠዋት ልክ የነበረ ኳስ ከሳምንት በኋላ ወርዶ ልጁን ከጠረጴዛው ሥር ያደርገዋል። ለአብዛኛው የአንደኛ ደረጃ ልጅ 45 ሴንቲሜትር ኳስ ይቀርባል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ማለቱ ነው።

በርጩማው ውድ ነው፤ በእርሱ ዋጋ ሁለት ወይም ሦስት ትራስ ይገዛል። በንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲሽከረከርም ይጮኻል፤ ከሥሩ ቁራጭ ምንጣፍ ይፈልጋል። ሁለቱም የጀርባ መደገፊያ ስለሌላቸው ከሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ በላይ አላስቀምጥባቸውም፤ ሲደክመው ልጁ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ምረጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት በርጩማውን እመርጣለሁ። ኳሱ ለቤት ይሁን፤ የቤት ሥራ ሲሠራ የወደቀ እንደሆነ የሚያይበት ሃያ ሁለት ልጅ የለም። ሚዛኑን መጠበቅ የሚቸግረው ወይም ቶሎ የሚዝል ልጅ ከሆነ ግን ሁለቱም ይቅሩና ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ተግባርን ማከናወን ለሚቸግረው ሰው እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ) ይየው።

ቆሞ መሥራት

በክንዱ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ የሚያነሣ፣ ቆሞ ካልሆነ የማይጽፍ ልጅ ታውቃላችሁ። ለእርሱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ትክክለኛ መልስ ነው። ጥሩ የሚባለው ጠረጴዛ ረጅም በርጩማና እግር የሚወዘወዝበት ዘንግ አለው፤ ልጁ ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲደክመው ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ ማቆም የባሰ ድካም ነው። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እነማርክ ቤንደን ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በዚህ ዓይነት ጠረጴዛ አጥንተው በ2015 ሲያወጡ፣ መቆማቸው በትምህርት ላይ ያላቸውን ተሳትፎ እንዳልጎዳው አሳይተዋል። ጥናቱ ኤዲኤችዲ ላለባቸው ተለይቶ የተሠራ አይደለም፤ ግን «ከቆመ ይረበሻል» ለሚል መምህር ጥሩ መልስ ነው። ጠረጴዛው ከኋላ ወይም ከጎን ይቀመጥ እንጂ መካከል ከቆመ የሌላውን ሰሌዳ ይጋርዳል።

አገር ቤት ለሚያስተምሩ ግን ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ያን ዴስክ የሚያንቀጠቅጠውን ልጅ አንድ ቀን «ተነሥተህ መስኮቱ ጋ ሂድ፣ እዚያ ጻፍ» አልኩት። የመስኮቱ ደፍ ሰፊ ነው፣ ለቁመቱም ልክ ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ያለቀሰበት ገጽ ረጥቦ ነበር። በእኛ ክፍል ውስጥ ቆሞ መማር ቅጣት ነው፤ ሲቆም ያየ ሁሉ «ምን አጠፋ?» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ በሙሉ «የመስኮት ወረፋ» አወጣሁ፤ በሒሳብ ሰዓት ሁለት ሁለት ልጅ ቆሞ ይሠራል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ልጆቹ በወረፋ ተጣሉ። እርሱም አሁን ያለ ወረፋው እየለመነ የሚሄድ ሆነ። ቦታው ያው መስኮት ነው።

ምንጣፍ

ስለዚህ ብዙ አልልም። መሬት ላይ መቀመጥ ለማንበብና ለማዳመጥ ጥሩ ነው፣ ለመጻፍ መጥፎ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዳዊት የሚደግመውን ልጅ «አትወዛወዝ» የሚለው የለም። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ግን ጀርባ ይጎብጣል፣ ፊደልም ይበላሻል። ለሃያ ደቂቃ ንባብ ይሁን፤ ሲሚንቶ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ነገር ይነጠፍ።

ሁሉም ይምረጥ ወይስ ለእርሱ ብቻ?

አሁን በአሜሪካ ብዙ ክፍሎች የተመደበ ቦታ የላቸውም። ልጆቹ ጠዋት ገብተው የፈለጉት ላይ ይቀመጣሉ። ጥቅሙ ይገባኛል። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ልጅ «ችግር ያለበት» ተብሎ አይለይም፤ ሐበሻ ወላጅ ይህንን ስጋት ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ግን ቀኑን በስድስት አማራጭና በሽሚያ መጀመር ከባድ ነው። ጓደኛው ያለበትን እንጂ የሚረዳውን አይመርጥም። ያ የ2015 ጥናት ሁለተኛው ግማሽም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ሌሎቹ ልጆች መንቀሳቀሳቸው አልጠቀማቸውም። ሁሉም ኳስ ላይ ሲወዛወዝ ዓይኑ በቀላሉ የሚሰረቅ ልጅ በሃያ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ተከብቦ ይቀመጣል። እኔ የምመክረው አንድ ቋሚ ጠረጴዛ የራሱ ይሁን፣ ስሙ የተለጠፈበት። ከዚያ ላይ አንድ ሌላ ቦታ ይጨመርለት፤ ሲቁነጠነጥ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚሄድበት። ሁለት ይበቃል። ለሌሎቹ ልጆችም ተራ ይድረሳቸው፤ ያኔ መለየቱም ሽሚያውም ይቀንሳል።

ቀልቧ የሚሄድባት ልጅ

ኤዲኤችዲ ሁሉ አይወዛወዝም። ጸጥ ብላ የምትቀመጥ፣ መምህሩ «ጨዋ» የሚላት፣ ሦስተኛው መስመር ላይ እርሳሷን እንደያዘች ሄዳ የምትቀር ልጅ አለች። ለእርሷ የሚወዛወዝ ነገር መስጠት አንድ ተጨማሪ መጫወቻ መስጠት ነው። እርሷን የሚጠቅማት መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ከግራና ቀኝ ብዙ የማይታይበት ቦታና በየጥቂት ደቂቃው ጠረጴዛዋን ነካ የሚያደርግ መምህር ነው። መቀመጫ ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

አዲስ ዕቃ ሁሉ ሦስት ቀን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል፤ አንድ ቁራጭ ወረቀትና ሰዓት ይበቃል።

ሁልጊዜ ያው ትምህርት፣ ያው ሰዓት ይመረጥ፤ ለምሳሌ ጠዋት የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ። ለአሥር ደቂቃ በየሠላሳ ሴኮንዱ ቀና ብሎ ልጁን ማየት ነው። ሥራው ላይ ከሆነ ጭረት፣ ካልሆነ ዜሮ። በአሥር ደቂቃ ሃያ ምልክት ይኖራል። ከሥሩም የጻፈው መስመር ብዛት ይቆጠር፤ ይህንን አይዝለሉ፤ ጸጥ ብሎ ምንም ያልጻፈ ልጅ በጭረቱ ሊያታልል ይችላል። አምስት ቀን በድሮው ወንበር፣ ሁለት ሳምንት በአዲሱ፤ ከአዲሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ጣሉትና ሁለተኛውን ያዙ። ከዚያ እንደገና ወደ ድሮው አምስት ቀን። የ2003ቱ ጥናት ይህንኑ ነው ያደረገው። ከሃያው ምልክት በድሮው ወንበር ዘጠኝ ጭረት፣ በአዲሱ አሥራ ሦስት፣ ሲመለስ እንደገና ዘጠኝ ወይም አሥር ከመጣ መቀመጫው ሥራ ሠርቷል። ሲመለስም አሥራ ሦስት ከሆነ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት መድኃኒቱ፣ ምናልባት አጠገቡ የነበረው ልጅ ቦታ መቀየሩ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ቆጥሬ ላስቲኩ ለጠዋት ጽሕፈት እንደሚረዳ፣ ከምሳ በኋላ ላለው ሒሳብ ግን ምንም እንዳላደረገ አገኘሁ። ከምሳ በኋላ ልጁ የሚፈልገው መቆም ነበር። ልጁንም መጠየቅ ነው። «የቱ ላይ ስትቀመጥ ቶሎ ትጨርሳለህ?» ሲባል የሰባት ዓመት ልጅ የሚመልሰው መልስ ብዙ ጊዜ ከወረቀቴ ጋር ይገጥማል።

ትምህርት ቤቱን መጠየቅ

አሜሪካ ላላችሁ፣ ይህ ልመና አይደለም። በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ ክፍል 504 ኤዲኤችዲን ጨምሮ የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ሰፋ ያለ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ አይኢፒ የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይኖረዋል። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ቀን አድርጋችሁበት ስጡ። በአይኢፒ ስብሰባ ላይ የሚባለው እንዲገባችሁ አስተርጓሚ ማዘጋጀት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙት፣ ስለ ራሱ የሚባለውን ሁሉ በዚያ ዕድሜው መስማት የለበትም።

ዕቅዱ ላይ «አማራጭ መቀመጫ ይሰጠዋል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አትፈርሙ፤ መምህር ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራል። እንዲህ ይጻፍ፤ «ሁለተኛ ረድፍ፣ መተላለፊያ ጠርዝ፣ ከበር ርቆ። እግሩ መሬት እንዲነካ ማሳረፊያ። በወንበሩ ላይ ላስቲክ። በጽሕፈትና በሒሳብ ሰዓት ፈቃድ ሳይጠይቅ ከኋላ ባለው ከፍ ያለ ጠረጴዛ መቆም ይችላል። በየስድስት ሳምንቱ ይገመገማል።»

አገር ቤት ከስም ጠሪው መምህር ጋር መነጋገር ይቀድማል፤ ሄዳችሁ «ልጄ ታሟል» ከማለት ይልቅ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ጫፍ ላይ ይቀመጥ፣ ደብተር ይሰብስብ። ሃምሳና ስልሳ ልጅ የያዘ መምህር አሥር ነገር ከጠየቃችሁት አንዱንም አያደርግም። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሰጠት ስለጀመረ ባለሙያ ማግኘትም እንደ ድሮው ፈጽሞ የማይታሰብ አይደለም።

ያቺ እናት ኳሱን በኋላ ገዛችው፤ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያይ ይቀመጥበታል። የጫማ ካርቶኑን ግን ልጁ እስከ ጥቅምት ድረስ ረግጦ ረግጦ ቀደደው። በእንጨት አሠራችለት። በመጋቢት ስትለካው እግሩ መሬት ደርሶ ነበርና እንጨቱ ለታናሽ እህቱ ተላለፈ።